«ይሠራል» ካለች በኋላ የቆረጥኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ አታውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህን በየዓመቱ ዘልዬዋለሁ። ብዙ ዘመን በሬድዮ ዘጋቢነት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ የሰማሁትን ለሰው ማድረስ ነው። ይህን አንድ ነገር ግን ሰምቼ ለራሴ አስቀረሁት። ዛሬ ለእናንተ ለአንባቢዎቼ እናገራለሁ። እንድታዝኑልኝ አይደለም። ነገሩን ሙሉውን የሰማ ሰው ከእኔ ሌላ እንዲኖር ስለምፈልግ ነው።

የሠራሁት በአጭሩ ይህ ነው፦ አንዲት ሴት የተናገረችውን ከመሃል ቆረጥኩ። አልጨመርኩም፣ አልፈጠርኩም፣ ቆረጥኩ። በዚያ ዘገባ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል አልነበረም። ስሙ፣ ቦታው፣ የሥራ ድርሻው ሁሉ ትክክል ነበር። ለዓመታት ራሴን ያጽናናሁትም በዚህ ነው። አንድም የሐሰት ቃል የሌለበት ዘገባ እንዴት እንደሚዋሽ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

ጊዜው 2006 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ነበር። የዳንግላ ነጋዴና የዙሪያው ገበሬ አክሲዮን አዋጥቶ ወተት እያሞቀና በላስቲክ እያሸገ የሚሸጥ ፋብሪካ ተክሎ ነበር። ወተት ያለው ሰው በጾም ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሰው ይጾማል፣ ላሟ ግን መታለብ አለባት። ገዢ የለም። ስለዚህ የሁሉም ሐሳብ አንድ ነበር፦ ፋብሪካው ለፋሲካ ይከፈት፣ ሰው በሚገድፍበት ዕለት የዳንግላ ወተት ታሽጎ ባሕር ዳር ይግባ። እኔም ይህንኑ እመኝ ነበር። ኢንጅባራ ተቀምጬ የአካባቢውን ዜና ለሬድዮ ጣቢያችን የምልክ ዘጋቢ ነበርኩ፤ ነገር ግን የተወለድኩት ከዳንግላ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው፣ እናቴ የገዛችው አክሲዮንም በስሜ ነበር። ይህን ለአለቆቼ አልነገርኩም። መናገር እንዳለብኝ አውቅ ነበር? አውቅ ነበር።

ሕንፃው አልቋል፣ ማሞቂያውና ማሸጊያው ተተክሏል። የቀረው አየር ነበር። ማሸጊያው በታመቀ አየር ነው የሚሠራው፤ የላስቲኩን አፍ ነፍቶ የሚከፍተው፣ መዝጊያውንም የሚገፋው አየር ነው። አየሩን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ገና አልተገዛም። ያለ እሱ ፋብሪካው ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነበር።

የፋብሪካው የቴክኒክ ኃላፊ ትርንጎ ትባላለች። መሐንዲስ ናት፤ አዲስ አበባ አንድ የመጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታ ወደ አገሯ የተመለሰች። እናቷ እማማ አንጓች ከእኛው ቀበሌ ናቸው፤ ሁለት የሚታለቡ ላሞች ነበሯቸው፣ ለፋብሪካው ወተት ለማቅረብ መጀመሪያ ከተመዘገቡትም አንዷ ነበሩ። ትርንጎ አንደበቷ ስለት ነው። የማያውቅ ሰው ሲያወራ ፊቷን የምትደብቅ ሴት አይደለችም። ብዙ ሰው አይወዳትም ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔም ብዙ አልወዳትም ነበር።

ለፋብሪካው ሁለት ዓይነት ኮምፕሬሰር ቀርቦ ነበር። አንደኛው ፒስተን ነው፤ ባሕር ዳር መጋዘን ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ፣ ዛሬ ቢከፈል ነገ የሚጫን። ሁለተኛው ስክሩ ይሉታል፤ እንደ ጠመዝማዛ ብሎን ያሉ ሁለት ብረቶች አየሩን በመሃላቸው እየጨመቁ ያለማቋረጥ የሚዞሩበት ነው። ትርንጎ የጠየቀችው ከዚህኛው ዘይት ከአየሩ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝበትን፣ አየሩን ከሚያደርቅ መሣሪያ ጋር ነበር። እሱ በትእዛዝ ነው የሚመጣው፤ ቢፈጥን ክረምቱ ሲገባ ይደርሳል። ፋሲካ ያልፋል።

እሷ የምትለው ግልጽ ነበር። ፒስተን ሠርቶ ማረፍ አለበት፤ የእኛ ማሸጊያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አየር ይጠጣል። ዳንግላ ደጋ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፤ በመሣሪያው መግለጫ ላይ የተጻፈው ኃይል ባሕር ወለል ላይ የተለካ ስለሆነ እዚህ ያንኑ አየር ለመስጠት የበለጠ መልፋት አለበት። ሲለፋ ይግላል፣ ሲግል ዘይት ይተፋል። ክረምታችን ደግሞ እርጥብ ነው፤ ከአየሩ ጋር ውኃ ይመጣል። ይህን ሁሉ ለቦርዱ አስረድታ ነበር።

የቦርዱ ሊቀ መንበር አቶ ዘለቀ ይባላሉ። የታወቁ ባለ ወፍጮ ናቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ሳስነሳ ኖሬ ዛሬ ሞተር ልማር?» ይሉ ነበር። እኚህን ሰው አልወቅሳቸውም፤ እንደ ሁላችንም ያስቡ ነበር። በእኛ አገር ወፍጮ መሥራቱ የሚታወቀው በድምፁ ነው። የጭስ ማውጫው ፉጨት ከሩቅ ሲሰማ ሴቶች እህላቸውን አስረው ይነሣሉ፤ ካልተሰማ ወፍጮው ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ማንም አይወጣም። ስለዚህ ድምፅ የሌለው ሞተር ለእኛ ሞተር አይደለም። እኔ ደግሞ የሬድዮ ሰው ነኝ። ከእኔ በላይ ድምፅ የሚያታልለው ማን ነበር?

ትርንጎ ነገሩን በዓይኔ እንዳየው ባሕር ዳር ይዛኝ ሄደች። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ስክሩ አሳየችኝ። ትልቅ ቁም ሣጥን የሚመስል፣ የተዘጋ ሣጥን ነው። ማይክሮፎኔን አስጠጋሁ። የሚሰማው እንደ ንብ ቀፎ እምም የሚል ብቻ ነበር።

«ትርንጎ፣ ይሄ ድምፅ ለዘገባ አይሆነኝም» አልኳት።

«ጋሽ ሙላት፣ የምትገዙት ኮምፕሬሰር ነው ወይስ ከበሮ?» አለችኝ። አጠገቧ የቆሙት ሠራተኞች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆማ ስለ ፒስተኑ የምታስበውን ጠየቅኋት፤ መለሰችልኝ፤ ቀረጽኩ። የቆረጥኩት ያን መልስ ነው።

በሳምንቱ አቶ ዘለቀ ፒስተኑን በሙከራ አስመጥተው ዳንግላ ላይ በባለ አክሲዮኖች ፊት አስነሡት። ግቢው ተንቀጠቀጠ። ደጅ የቆሙት የጋሪ ፈረሶች ደነበሩ። እናቶች እልል አሉ። አንድ ገበሬ ጆሮውን ይዞ «ይሄስ ሞተር ነው! ግምጃ ቤት ከተማ ያለችው አማቴም ሰማችው!» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ በአዊኛ የተባለ ሌላ ቀልድ ደግሞ ሳቁን አጋመው። ያን ሁሉ ቀረጽኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ ዘጋቢ ሁልጊዜ አያገኝም። ትርንጎ ከበሩ አጠገብ ክንዷን አጣምራ ቆማ ነበር። ሳቁ ውስጥ አልገባችም፤ እኔን ታየኝ ነበር። ቃሏ በእኔ እጅ እንዳለ ስለምታውቅ፣ ይመስለኛል፣ አልፈራችም።

ኢንጅባራ ተመልሼ ለማቀናበር ተቀመጥኩ። የፒስተኑን ጩኸት፣ እልልታውን፣ የአቶ ዘለቀን ንግግር ደረደርኩ። ወደ ትርንጎ ቃል ስደርስ «ፒስተኑ ይሠራል» አለች። እዚህ ላይ ትንፋሽ ወሰደች። ትንፋሿ ላይ ቆረጥኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን አወጣሁት። አንድ ጊዜ አዳመጥኩት፤ ጥርት ያለ ነበር፣ ስፌቱ አይታወቅም። እሷም፣ ሊቀ መንበሩም፣ ሕዝቡም በአንድ ቃል የተስማሙ ይመስላል።

ለምን? ጊዜ ስላጠረኝ ነው እንዳልል ጊዜ ነበረኝ። አልገባኝም እንዳልል ገብቶኛል፤ ስለ ስስ አየርና ስለ ዘይቱ ከላይ የጻፍኩትን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ፋሲካን ስለፈለግኩ ነው። አክሲዮኔን ስላሰብኩ ነው። ጩኸቱ ስላማረኝ ነው። «ከበሮ» ብላ ስላሳቀችብኝ ነው። ከእነዚህ የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ የመጨረሻው እንዳይሆን እፈራለሁ።

ዘገባው ጧት ተላለፈ። ቦርዱ በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። ትርንጎ እንደ ልማዷ ስትከራከር አቶ ዘለቀ «አንቺው ራስሽ ይሠራል ብለሽ የለም እንዴ? አገር የሰማውን ልትክጂ ነው?» አሏት። ሌላው ሁሉ ደገፋቸው። በሬድዮ አንድ ነገር፣ በስብሰባ ሌላ ነገር የምትናገር፣ ገበሬው እየጾመም እየከሰረም ሥራ የምታጓትት ሴት ተባለች። ከኃላፊነቷ ተነሣች። ፒስተኑ ተገዛ።

ከዚያ ኢንጅባራ ድረስ መጣችብኝ። ጭጋግ የወረደበት ቀን ነበር፤ ነጠላዋ እንደረጠበ ቢሮዬ ገባች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም።

«ጋሽ ሙላት፣ ሙሉው ቀረጻ አለ?»

«ተሰርዟል» አልኳት።

አልተሰረዘም ነበር። መቅረጫው ከፊቴ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ጥቂት አየችኝና «እሺ» ብላ ወጣች። የሰረዝኩት እሷ ከወጣች በኋላ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አስቀድሜ ዋሸሁ፣ ከዚያ ውሸቱ እውነት እንዲሆን ሰረዝኩት። ለካስ እንዲህም ያለ ጥንቃቄ ነበረኝ።

ፋብሪካው ለፋሲካ ተከፈተ። በሬ ታረደ፣ ንግግር ተደረገ። እኔም ዘገብኩ። ፒስተኑ ከዋናው መንገድ ላይ ይሰማ ነበር፤ ባጃጅ ነጂዎች «ወተቱ ተነሣ» ይሉ ነበር። ትርንጎ ሥራ ፍለጋ ከአገር ወጣች። እናቷ ግን ወተታቸውን በቢጫ ጀሪካን ይዘው ጧት ጧት ወደ ማሰባሰቢያው መምጣታቸውን አላቋረጡም።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ የላስቲክ ወተቱ መሽተት ጀመረ። ባሕር ዳር ያሉ ሱቆች መለሱት። ሽታው የዘይት፣ የላምባ ዓይነት ነበር። አንድ ሰው ማሽኑን እንይ ቢል አቶ ዘለቀ «አየር ደግሞ ምን ሽታ አለው?» አሉ። ሁሉም ወደ ጀሪካኖቹ ዞረ። ማን ነው በላምባ ጀሪካን ወተት የሚያመጣው? ከዚያ ጥያቄው ከፋ፤ ማን ነው ሆን ብሎ ላምባ የጨመረው? ቂም ያለው ማን ነው?

ያን ጊዜ የእማማ አንጓች ስም ተነሣ። ልጃቸው ተባራለች። እናት በልጇ ቂም ተወጣች ተባለ። የአንድ ቀን ወተታቸውን ማሰባሰቢያው በር ላይ፣ ሰው እያየ፣ መሬት ላይ ደፉባቸው። ጀሪካኑን ተቀባብለው አሸተቱት፤ ግማሹ ይሸታል አለ፣ ግማሹ አይሸትም አለ። እሳቸው «ልጆቼ፣ ይኸው ጀሪካኑ፣ እኔ ራሴ ልጠጣበት» ይሉ ነበር። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። ስትነግረኝ ሽታው ከየት እንደመጣ ወዲያው አወቅሁ። ቦርዱ ትርንጎ ስለ ዘይቱ ያለችውን ከቁም ነገር ስላልቆጠረው፣ ከእሷ ቀጥሎ በአገሩ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምን አደረግኩ? ምንም።

ሽማግሌዎቹ ነገሩ በአውጫጭኝ ይለቅ አሉ። ልማዱን ለማያውቅ ሰው፦ አንድ በደል ተፈጽሞ በዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ተራ በተራ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ያወጣል፣ የሚያወጣው ከሌለው ይምላል። ባለ አክሲዮን የሆነ ሁሉ ይምጣ ስለተባለ እኔም ተጠራሁ። መቅረጫዬን ሳልይዝ ሄድኩ። ማሰባሰቢያው ግቢ፣ እርጥብ ሣር ላይ ተቀመጥን። እማማ አንጓች ከሴቶቹ በኩል ጥቂት ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር፤ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ተነሣሁ። ሌላው እንዳለው እኔም አልኩ፦ «ያየሁትን አልደበቅሁም፤ የሰማሁትን አላስቀረሁም። አስቀርቼ ከሆነ የእጄ ሥራ አይባረክ።»

የሰማሁትን አላስቀረሁም! እኔ! ያን ቃል ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በሬድዮ የሰለጠነ ድምፅ ነው፤ አቶ ዘለቀ እንኳ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ትርንጎ ስለ ማሽኑ የተናገረችውን እዚያ ቆሜ ብናገር ኖሮ አንዲት እናት ከዚያ ግቢ ነፃ ሆና ትወጣ ነበር። የሚፈለግብኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። የእኔ ሥራ ዐረፍተ ነገር አይደለም እንዴ?

በዳይ አልተገኘም፤ ስለዚህ ጥርጣሬው እሳቸው ላይ ቀረ። ወተታቸውን አንቀበልም ተባለ። ስንበተን መንገድ ላይ ደረሱብኝ። አፍሬ ፈጠን ልል ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ሙላት ልጄ፣ አንተ እንኳ የምታውቀው ቢኖር ትናገርልኝ ነበር። አውቅሃለሁ» አሉኝ።

«አዎ እማማ» አልኳቸው። ይህም ውሸት ነው፤ ቁጠሩልኝ።

የእሳቸው ወተት ከቀረ በኋላም ሽታው አልቀረም። መስከረም ላይ ፒስተኑ ነክሶ ቆመ። ከባሕር ዳር የመጣ ባለሙያ ፈታው፤ ቀለበቶቹ ተበልተዋል፣ የአየር ቧንቧው ውስጡ በዘይትና በውኃ ላቁጧል። ቦርዱ ሰማ። ለአውጫጭኝ የተሰበሰበውን ሕዝብ መልሶ ጠርቶ እማማ አንጓችን ይቅርታ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም የማሽኑን መበላሸት ዘገብኩ፤ ስለ እማማ አንጓች አንድ ቃል አላስገባሁም። ፋብሪካው እየተነሣ እየወደቀ ቆይቶ ተዘጋ። እሳቸው ላሞቻቸውን ሸጡ። ሰው ዛሬም «ያች ላምባዋ» ይላቸዋል፤ ብዙዎቹ ስሙ ከየት እንደመጣ አያውቁም።

ኮምፕሬሰሩን አንድ ጎሚስታ ገዝቶ አስጠገነው። ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ ይነፋበታል፤ ጥቂት ይሠራል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይነሣል። ለዚያ ሥራ ጥሩ መሣሪያ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጩኸቱን እሰማለሁ። ከዚያ ወዲህ ወጣት ዘጋቢዎችን አስተምሬያለሁ፤ የሰው ቃል ከመሃል አትቁረጡ እያልኩ። ጥንቁቅ ይሉኛል። ስሕተት የማይገኝበት ይሉኛል። 

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት እማማ አንጓች ቤት ሄጄ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሕዝቡን እዚያው ግቢ እንዲጠሩልኝ እለምናለሁ፤ ቆሜ የማልኩበት ቦታ ቆሜ መሐላዬን አፈርሳለሁ። ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሳቸውንም ይቅር በሉኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። ቀረጻውን ሰርዤዋለሁ፤ ከእኔ ቃል በቀር ማስረጃ የለም፣ የእኔ ቃል ደግሞ ምን ያህል እንደሚታመን አይታችኋል። ግን ቃሏን አልረሳሁትም። ትርንጎ ባሕር ዳር፣ ድምፅ የሌለው ማሽን አጠገብ ቆማ የተናገረችው፣ ምንም ሳይቆረጥ፣ ይህ ነው፦

«ፒስተኑ ይሠራል፤ ለጎሚስታ። ለእኛ ግን አይሆንም። የእኛ ማሸጊያ ቀኑን ሙሉ አየር ይፈልጋል፣ ፒስተን ደግሞ ካላረፈ ይግላል፣ ሲግል ዘይቱን ከአየሩ ጋር ያመጣል። አየሩ የሚገባው ወተቱ የሚቀዳበት ላስቲክ ውስጥ ነው። ወተቱ የሸተተ ቀን ደግሞ ማሽኑን የሚጠረጥር አይኖርም፤ አላቢዎቹን ነው የሚይዟቸው። ከአላቢዎቹ አንዷ እናቴ ናት።»